ማን ይሠራዋል?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ሰው ይሞላዋል። ሌሊቱን መረብ ላይ ያደሩ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ዳር ያስጠጋሉ። ወጣቶች ቢላቸውን ይዘው ቅርፊት ይገፋሉ፣ ሥጋውን ከአጥንት ይለያሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው ሳይፈሩ እግር ሥር ይመላለሳሉ፤ የዓሣ ሾርባ የሚሸጡት ሴቶች እሳት ያያይዛሉ። ከዚህ ግርግር ፈንጠር ብለው ሦስት ሰዎች ሌላ ሥራ ይዘዋል። አንዱ ከክምሩ ቆሮሶ (ቲላፒያ) እያነሣ ሴንቲ ሜትር የተሰመረበት ጣውላ ላይ ያጋድማል። ሁለተኛው ይመዝናል፤ ሆዷን ከፍቶ እንቁላል መያዝ አለመያዟን ያያል። ሦስተኛው በእርሳስ ይጽፋል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ውኃ ሲነካው ይፈስሳልና።

«ሃያ አንድ ከአራት።»

«ክብደት?»

«መቶ ሰማንያ ሁለት። ሴት ናት፣ ደረጃ አራት።»

ይህ በአንድ ጠዋት መቶ ጊዜ ይደጋገማል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ዓሣው ተሸጦ ስለሚያልቅ ፋታ የለም። ዓሣ መቼ እንደሚራባ፣ በምን መጠን እንደሚያድግ፣ መረቡ ገና ያልወለደችውን እየወሰደ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ይህን በየወሩ፣ ቢያንስ ለ12 ወር ሳያቋርጥ ማድረግ አለበት። አንድ ወር ከተዘለለ ያ ወር ዋናው የመራቢያ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስም አይመለስም። ሦስት ሰው በየወሩ ለዝግጅትና ለመስክ ሁለት ሁለት ቀን ቢያውል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ሥራ ገና ሳይነካ በዓመት 72 የሰው ቀን ይሆናል።

እነዚያ 72 ቀናት ከየት ይመጣሉ? በጀቱ ላይ የነዳጅ ሒሳብ አለ፣ ውሎ አበል አለ፣ የኬሚካል ግዢ አለ። የሰዎቹ ቀን ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል፦ «ሥራው በትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች ይከናወናል።» በአገራችን የምርምር ፕሮጀክቶች ላይ እንደዚህ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጣጣ ያመጣ የለም ብዬ አምናለሁ።

የሐዋሳ ሐይቅ ስለዚህ ጉዳይ ለመነጋገር የተመቸ ቦታ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ በጥልቁ ስፍራ 22 ሜትር ያህል ይደርሳል። ጥቁር ውኃ ይገባበታል፣ ከላይ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ከከተማው፣ ከእርሻውና ከፋብሪካው የገባበት ነገር ሁሉ እዚያው ይሰነብታል፤ ለውጡን ማወቅ የሚቻለውም ደጋግሞ በመለካት ብቻ ነው። ዝናቡ ገብረማርያም፣ ኤልሳቤጥ ከበደና ዘሪሁን ደስታ እ.ኤ.አ. በ2002 በስምጥ ሸለቆ ሰባት ሐይቆች ላይ የታየውን የረጅም ጊዜ የኬሚካል ለውጥ ያሳተሙት ለዓመታት የተጠራቀመ ልኬት ስለነበረ ነው። ዘሪሁን ከኖርዌይ ባልደረቦቹ ጋር በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ውስጥ ያለውን ሜርኩሪ ሲያጠና፣ ሌሎች ዓሣዎችን በሚበላው ትልቁ ባርበስ ውስጥ ክምችቱ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ይህ የከተማውን ገበታ የሚነካ እውቀት ነው። እንዲህ ያለው እውቀት የሚገኘው ጠርሙስ ተሸክሞ ጀልባ ላይ የሚወጣ፣ ናሙናውን ሳይበላሽ ማቀዝቀዣ የሚያስገባ፣ በየወሩም የሚመለስ ሰው ሲኖር ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ከሚጠበቅባቸው ተቋማት አንዱ የሆነው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1976 ከተከፈተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኮሌጁ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ2006 ደግሞ የአሁኑን ስሙን ያዘ። ዛሬ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ነው፤ ሌሎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አርባ ምንጭና መቀሌ ናቸው። ይህ ልየታ ሲመጣ ለስምንቱም የተሰጠው ተልእኮ ተለውጧል፦ ብዙ ድኅረ ምረቃ፣ ብዙ ምርምር፣ ብዙ የውጭ አጋርነት። የአንድ መምህር ሳምንት ግን አልረዘመም።

ሳምንቱ እንዴት እንደሚከፋፈል እንይ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለረጅም ጊዜ የቆየው አሠራር 75 በመቶውን ለማስተማር፣ 25 በመቶውን ለምርምር የሚያውል ነው። ማስተማሩ የሚለካው በተለምዶ ሎድ በሚባለው ነው፤ ሙሉ ሎድ በአብዛኛው በሳምንት 12 የሌክቸር ሰዓት ሲሆን፣ የላብራቶሪ ሰዓት በቅናሽ ይታሰባል። ከ12 በላይ ከሆነ ኦቨርሎድ ይባላል፣ ክፍያም አለው። የመንግሥት ሠራተኛ የሳምንት የሥራ ሰዓት 39 ነው። የዚያ ሩብ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል፤ በሳምንት አንድ ቀን ከሩብ ማለት ነው። የዓመት ፈቃድና በዓላት ተቀንሰው 44 የሥራ ሳምንታት ቢቀሩ፣ አንድ መምህር በዓመት ለምርምር ያለው ወደ 55 ቀን ገደማ ነው።

55 ቀን። ይህን ቁጥር በየትምህርት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ማየት ይገባል። አንድ ሰው በአንድ ፕሮጀክት ላይ «የጊዜዬን 20 በመቶ እሰጣለሁ» ብሎ ሲፈርም 44 ቀን መፈረሙ ነው። ሁለተኛ ፕሮጀክት ላይ ደግሞ 20 በመቶ ብሎ ከፈረመ፣ 88 ቀን ቃል ገብቶ 55 ቀን ነው ያለው። ሦስተኛው ከመጣማ ወይ ተማሪው ይጎዳል፣ ወይ ፕሮጀክቱ፣ ወይ ሌሊቱና ቤተሰቡ። በተግባር የሚሆነው ሦስቱም በጥቂት በጥቂቱ መጎዳታቸው ነው፤ ማንም ስለማይመዘግበው ግን ማንም አያየውም።

በዚያ ላይ ሎድ ተብሎ የማይቆጠር ሥራ በዝቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ይሰጣል፤ መምህራንም ከግቢያቸው ርቀው ለፈተና ሥራ ይመደባሉ። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ተጀመረ፣ የሪሜዲያል ትምህርትም እንዲሁ። እነዚህን አልቃወምም፤ እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው። ነገር ግን እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ሳምንት ናቸው። ሰኔ ሲደርስ የማስተርስ ተማሪዎች ዲፈንስ ይከመራል፤ የበጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ያልተወራረደ ሒሳብ ሁሉ ያን ጊዜ ይጠየቃል። ዝናብ የገባበት መስክም ሰው የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው።

የፕሮጀክት ማመልከቻ የሚፈረምበትን የክፍል ኃላፊ ቢሮ ለሚያውቅ ሰው የሚከተለው ንግግር እንግዳ አይሆንበትም።

«ዶክተር፣ ይቺን ብቻ ይፈርሙልኝ። ማመልከቻው ነገ ማታ ይዘጋል።»

«ከእኛ ክፍል ማን ማን አለበት?»

«አራት ሰው አስገብቻለሁ፤ እርስዎም አሉበት።»

«ነገርካቸው ወይ?»

«ከተሳካ ይነገራቸዋል።»

ኃላፊው ይፈርማል። ባይፈርም የባልደረባውን ዕድል ዘጋ ይባላል፤ ይሉኝታውም ቀላል አይደለም። ደግሞም ከአሥር ፕሮፖዛል የሚሳካው ጥቂቱ ስለሆነ «ይደርስ ይሆናል» ብሎ ነገሩን ለዕድል ይተወዋል። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ሦስቱ በአንድ ወቅት ሲሳኩ ነው። ያን ጊዜ ደስታው ሳይበርድ፣ እነዚያው አራት ስሞች በሦስቱም ላይ ተጽፈው ይገኛሉ።

ነገሩን ጠጋ ብለን በቁጥር እንየው። በምሳሌ የማቀርበው ክፍል የትም ስም የለውም፤ ቁጥሮቹን ያበጀሁት ለሒሳቡ ነው፣ ቅርጹ ግን በብዙ ግቢ የሚታወቅ ነው። በደመወዝ መዝገብ ላይ 18 መምህራን አሉ። አምስቱ ለዶክትሬት ትምህርት ሄደዋል። አንዱ የዲን ሹመት ይዟል። የቀሩት 12 ናቸው። ከእነሱም አራቱ ገና የተቀጠሩ ረዳቶች ናቸው፤ መረጃ መሰብሰብ ይችላሉ፣ ጥናት መምራት ግን አይጠበቅባቸውም። ስለዚህ ጥናት መሸከም የሚችሉት ስምንት ናቸው። ስምንት በ55 ሲባዛ በዓመት 440 ቀን ይሆናል። ከዚህ ላይ በእጅ ያሉት ሁለት ፕሮጀክቶች 280 ቀን ይዘዋል። የቀረው 160 ነው። ነገ ማታ የሚዘጋው ማመልከቻ አራት ሰው በ20 በመቶ ይጠይቃል፤ 176 ቀን። የጎደለው 16 ቀን ብቻ ነው።

«16 ቀንማ ምን አላት፣ እንችለዋለን» ይባላል። በጠቅላላው ሲታይ እውነት ይመስላል። በሁለት መንገድ ግን ያሳስታል።

አንደኛው፣ 440 ቀን የሚባል አንድ ክምር የለም። የአፈር ሊቅ ቀን የሥነ ምግብ ሊቅ ቀን ሊሆን አይችልም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስታቲስቲክሱን በደንብ የሚያውቅ ብዙ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ሰው ነው። የሁሉም ፕሮጀክት መረጃ በመጨረሻ እሱ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ የማስተርስ ተማሪዎቹም እሱኑ ይፈልጋሉ። ክፍሉ በጠቅላላው 16 ቀን ሲጎድለው እሱ ብቻውን 60 ቀን ጎድሎታል፤ ሌሎች ደግሞ ቀን ተርፏቸዋል። ስለዚህ አቅም በሰው ብዛት ሳይሆን በሙያ ተለይቶ መቆጠር አለበት።

ሁለተኛው ወቅት ነው። ዓመቱን ሙሉ በእኩል የሚከፋፈል ምርምር አላየሁም። ለምሳሌ ከካናዳው የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሐዋሳ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የቆየ ወዳጅነት አለው፤ በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ በሽምብራና በቦሎቄ ላይ የተሠራው ሥራ ከዚህ የወጣ ነው። አግሮኖሚው፣ አፈሩና የእናቶችና ሕፃናት አመጋገቡ በአንድ ላይ የተያዙበት ነበር። ሽምብራን ከዋናው ሰብል በኋላ በቀረው እርጥበት ላይ መዝራት አንድ ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲያፈራ ያደርጋል። የመዝሪያው ጊዜ ግን ዝናቡ ወደ ማብቂያው ሲጠጋ፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ነው። መስከረም ደግሞ ምዝገባ ነው፤ የኮርስ ድልድል ነው፤ አዲስ ተማሪ ነው። አፈሩ ለምዝገባ ብሎ እርጥበቱን አያቆይም። ሁለት ሳምንት የዘገየ ዘር የአንድ ዓመት ጥናት ሊያበላሽ ይችላል።

ሲዳማ ውስጥ ለሚሠራ ቡድን ሌላም የሚታሰብ አለ። ቡና የሚለቀምባቸው ወራት ላይ ቤት ለቤት ጥናት ማድረግ ሰው ማጣት ነው፤ ሁሉም ማሳ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 የመዘገበውን የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጨምበላላን ቀን ደግሞ የሚያውቁት ከዋክብትን የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው። በወረቀት ካላንደር ላይ ከዓመት በፊት ቆርጦ ማስቀመጥ አይቻልም። በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ በሰው በሚሞላበት ሰሞን መረጃ ሰብሳቢ ቀበሌ ልኮ ሰው አገኛለሁ ማለት አይሆንም። ለጋሹ ግን በጃንዋሪ የሚጀምር ሠንጠረዥ ልኳል፤ የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ትምህርቱ በመስከረም። እነዚህን ሦስት ዓመታት በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርጎ የሰው ስም ያልጻፈባቸው ዕቅድ፣ ዕቅድ ነው ለማለት ይከብደኛል።

አሁን ወደ ላብራቶሪው እንግባ፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚቆመው እዚያ ነውና።

ቴክኒሺያኑ ብዙውን ጊዜ በፕሮፖዛሉ ላይ ስሙ የለም። ተማሪዎች ጠዋት ላብ አላቸው፤ እሱ ያዘጋጃል። የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ናሙና ይዘው ይመጣሉ። ሦስት ፕሮጀክቶች የአፈር፣ የውኃና የዘር ናሙና ያመጣሉ። መሣሪያው አንድ ነው፤ የሚያውቀውም እሱ ነው። «ጋሼ፣ የኔን ነገ ያስገቡልኛል?» ሲባል «እሺ፣ እናያለን» ይላል። እናያለን የሚለው ለስንት ሰው እንዳለው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ያለው ሒሳብ የሚያስደነግጥ ነው፤ ሁሉም የክፍል ኃላፊ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የዴንማርኩ አግነር ኤርላንግ የኮፐንሃገንን የስልክ መሥመሮች ሲያጠና እ.ኤ.አ. በ1909 መሠረቱን ጣለ፤ ከዚያ የተወለደው የወረፋ ሒሳብ ነው። ሥራው ባልተወሰነ ጊዜ የሚመጣና የሚፈጀውም ጊዜ የሚለያይ ከሆነ፣ ሠሪው 80 በመቶ ሲያዝ አንድ ናሙና ወረፋ ላይ የሚቆየው ናሙናውን ለመሥራት ከሚፈጀው ጊዜ በአማካይ 4 እጥፍ ነው። 90 በመቶ ሲያዝ 9 እጥፍ፣ 95 በመቶ ሲያዝ 19 እጥፍ ይሆናል። አንድ ናሙና ግማሽ ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ 80 በመቶ የተያዘው ቴክኒሺያን ዘንድ ሁለት ቀን ይጠበቃል፤ 95 በመቶ የተያዘው ዘንድ ወደ 10 ቀን። ሥራው የጨመረው በ15 ነጥብ ብቻ ነው፤ መጠበቁ ግን አምስት እጥፍ ገደማ ሆነ። የውኃ ናሙና ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ አንዳንዱ ልኬት በሰዓታት ውስጥ ካልተሠራ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ «ላቡ ቦታ አለው፤ ሰውየው ሁልጊዜ ሥራ ላይ አይደለም» ብሎ እስከ ጫፍ መሙላት ቁጠባ አይደለም። ባዶ የሚመስለው ጊዜ ነው ላቡን የሚያስኬደው። ይህን ለበላይ ማስረዳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ቴክኒሺያን ያየ ኃላፊ ሥራ ሊጨምርበት ይቸኩላል። ግን ከቁጥሩ ማምለጥ አይቻልም።

ሥራ ሲዘገይ የሚመጣው ሌላ ፈተና ሰው መጨመር ነው። አሜሪካዊው ፍሬድ ብሩክስ በአይ.ቢ.ኤም. ትልቅ የሶፍትዌር ሥራ ከመራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ ሥራ ላይ ሰው መጨመር የበለጠ እንደሚያዘገየው ጽፏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አዲሱን ሰው የሚያሠለጥነው ያው የዘገየው ሰው ነው። በእኛም መስክ የሚታይ ነው። መጠይቁ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሥር አዲስ መረጃ ሰብሳቢዎች ይቀጠራሉ። ተቆጣጣሪው ጥያቄውን በሲዳምኛ በትክክል እንዲጠይቁ፣ ዕድሜን በወር እንዲመዘግቡ፣ ሕፃን እንዲመዝኑ ሦስት ቀን ያሠለጥናል፤ ከዚያ ስሕተታቸውን እያረመ ያድራል። በመጨረሻ ጽዳት የሚያስፈልገው መረጃ ይቀራል፤ እሱም ያ አንድ የስታቲስቲክስ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል።

በሌላው ዓለም ይህን እንዴት ያደርጉታል? የአውሮፓ ኅብረት በሆራይዘን አውሮፓ መርሐ ግብሩ የአንድን ሙሉ ሠራተኛ ዓመት በ215 ቀን ያሰላል፤ ሠራተኛው በወሩ ስንት ቀን ለፕሮጀክቱ እንዳዋለ ይፈርማል፣ አለቃውም ይፈርማል። አንድ ሰው በኅብረቱ ፕሮጀክቶች ሁሉ ተደምሮ ከዚያ በላይ ሊያስመዘግብ አይችልም። ኢትዮጵያውያን ተቋማትም በዚህ መርሐ ግብር ገንዘብ ማግኘት ስለሚችሉ ይህ ወረቀት ለኛም አይቀርም። የበለጸጉት አገሮች ድርጅት ኦኢሲዲ እ.ኤ.አ. በ1963 ከሮም አጠገብ በምትገኘው ፍራስካቲ ያዘጋጀው መመሪያ ደግሞ አገሮች ተመራማሪን የሚቆጥሩበትን መንገድ አበጀ፦ ሩብ ጊዜውን የሚመራመር መምህር ሩብ ተመራማሪ ተብሎ ይቆጠራል። የአፍሪካን የግብርና ተመራማሪዎች የሚቆጥረው አስቲ የተባለው ፕሮግራምም በዚሁ መንገድ ይቆጥራል። በዚህ ሒሳብ ከላይ ያየናቸው ስምንት መምህራን ሁለት ሙሉ ተመራማሪ ናቸው። ለጋሹ ፊት ስምንት ስም ተደርድሯል፤ በሥራ ላይ የሚቆመው ሁለት ሰው ነው።

የወር የቀን ቅጽ ብዙ ቦታ ውሸት ይሆናል የሚለውን ክርክር እቀበላለሁ። አርብ ከሰዓት ያለፈውን ወር በግምት የሚሞላ ሰው ያልሠራውን ሠራሁ ይላል፤ የሠራውንም ይረሳል። ደግሞ መምህሩ «ሊቆጣጠሩኝ ነው» ብሎ ይከፋዋል፤ የኑሮ ውድነቱ እንዳለ፣ ደመወዙ እንደሚታወቀው ሆኖ፣ ሰዓቱ መቆጠሩ ያናድደዋል። ለዚህ ነው ቅጹ ከኋላ ሳይሆን ከፊት መሆን አለበት የምለው። ያለፈውን ሰዓት ማሳደድ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው፣ ከመፈረም በፊት «በመስከረም ማን አለ? በታኅሣሥ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እስከ ግማሽ ቀን ድረስ ትክክል ከሆነ ይበቃል።

ደስ የሚለው፣ ለዚህ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የሎድ ድልድል ይሠራል። ማን ምን ኮርስ እንደያዘ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት ተማሪ እንደሚያማክር በአንድ የኤክሴል ገጽ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሰነድ በጥንቃቄ የሚሠራው ኦቨርሎድ የሚከፈለው በእሱ ስለሆነ ነው፤ ሰዎች ይጣሉበታል፣ ያርሙታል፣ ይፈርሙበታል። ከዩኒቨርሲቲው ሰነዶች ሁሉ ከእውነት በጣም የቀረበው እሱ ሳይሆን አይቀርም። የጎደለው በስተቀኝ ያሉት ጥቂት ዓምዶች ናቸው፦ በየወሩ ለየትኛው ፕሮጀክት ስንት ቀን። ቴክኒሺያኖቹንም ከታች በአንድ በአንድ መሥመር ማስገባት። የትምህርት ፈቃድ ላይ ያሉት መቼ እንደሚመለሱ መጻፍ። ይህን የያዘ ኃላፊ ነገ ማታ ለሚዘጋው ማመልከቻ «አይሆንም» ማለት አያስፈልገውም። «የስታቲስቲክሱ ሰው እስከ የካቲት ተይዟል፤ ትንተናውን ወደ መጋቢት አዛውሩት፤ ለላቡ ደግሞ አንድ ረዳት በበጀቱ ላይ አስገቡ» ይላል። ይሉኝታው በወረቀቱ ይቃለላል፤ እምቢ ያለው ወረቀቱ ነውና።

ትምህርት ፈቃዱ ራሱ የአቅም ዕቅድ ነው፣ ብዙ ቦታ ግን እንደዚያ አይታይም። በኖርዌይ የኖርሄድ ድጋፍ በደቡብ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በሕዝብ ጤና የዶክትሬት ሥልጠና በጋራ ሲሰጡ፣ ሐዋሳ ከመካከላቸው አንዱ ነበር። ተማሪው እዚሁ አገሩ መስክ ላይ ሆኖ ስለሚማር፣ ለዓመታት ከመሥሪያ ቤቱ የጠፋ ሰው አይሆንም፤ ጥናቱም የአካባቢው የጤና ችግር ላይ ያርፋል። እንዲህም ሆኖ አምስት ሰው በአንድ ዓመት ከሄደ፣ የቀሩት 12 ሎዳቸው ይደራረብና ምርምሩ ይቆማል። ከአምስቱ ሁለቱን ዘንድሮ፣ ሦስቱን ከሁለት ዓመት በኋላ ብሎ ማሰናዳት የክፍሉ ሥራ ነው። የሚሄደው ሰው ይቸኩላል፤ ዕድሉ እንዳያልፈው ይሰጋል፤ ተራውን አስቀድሞ በጽሑፍ ካየ ግን ሥጋቱ ይቀንሳል።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ቀርቷል። የክፍል ኃላፊነት የጥቂት ዓመት ሹመት ነው፤ ኃላፊው ተራውን ሲጨርስ ወደ ማስተማሩ ይመለሳል። ለሦስት ዓመት የገነባው ሠንጠረዥ በግል ላፕቶፑ ወይም በአንድ ፍላሽ ላይ ነው። አዲሱ ኃላፊ ቁልፍ ይረከባል፣ ማኅተም ይረከባል፣ የመሣሪያ ዝርዝር ቆጥሮ ይፈርማል፤ ወንበሩንም ጠረጴዛውንም በመለያ ቁጥር ይረከባል። የ18ቱ ሰዎች ወራት ግን በርክክቡ ሰነድ ላይ የሉም። ያንን አንድ ገጽ ከንብረት ዝርዝሩ ጋር አያይዞ ማስረከብ የዲኑ ፊርማና የአንድ ሰዓት ሥራ ይበቃዋል፤ የሚቀጥለው ፕሮፖዛል የሚጻፈውም ያንን ገጽ ጎን አስቀምጦ ይሆናል።